በሳሙና የታጠበው በርሜል

ባለፈው ወር የወንድሜ ልጅ ባሕር ዳር ውስጥ አዲስ ወደተከፈተ ቢራ ቤት ይዛኝ ሄደች። ቢራው እዚያው ነው የሚጠመቀው። ከመስታወት ጀርባ ጋን የሚያህሉ የብረት ዕቃዎች ቀጥ ብለው ቆመው ያብለጨልጫሉ። አስተናጋጁ ጢሙን በጥንቃቄ የተቆረጠ ወጣት ነው። ጎንበስ ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«ማዘር፣ ቀድሜ ልንገርዎት። የኛ ቢራ ከሳምንት ሳምንት ትንሽ ይለያያል። የፋብሪካ አይደለም፤ ጠማቂው በእጁ ነው የሚሠራው። ዛሬ የወደዱትን በሚቀጥለው ሳምንት ቁርጥ እሱኑ ላያገኙት ይችላሉ።»

ይህን የተናገረው በኩራት ነው። እኔ ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ።

«ምን አሳቀሽ አክስቴ?» አለች ልጅቱ።

«በኔ ጊዜ ይህ አሻጥር ይባል ነበር» አልኳት።

አላመነችኝም። አሻጥር የሚለው ቃል በደርግ ዘመን ምን ያህል ይከብድ እንደነበር የሷ ትውልድ አያውቅም። አንድ ሰው ሥራውን ሆን ብሎ አበላሸ፣ አብዮቱን ጎዳ ማለት ነበር። ስሙ ከዚህ ቃል ጋር አንድ ወረቀት ላይ የሰፈረ ሰው ቤቱ ስለማደሩ እርግጠኛ አይሆንም። እኔ ይህ ቃል በአንዲት ጠላ ጠማቂ ላይ ሲለጠፍ አይቻለሁ። ያመጣባቸው ደግሞ የኔ እጅ ነው።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቄ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ የሳይንስ አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ ያለውን መንገድ ግማሹን በእህል መኪና ላይ፣ ግማሹን በእግሬ ነው የጨረስኩት። ዓይን አፋር ነበርኩ። ክፍል ስገባ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ስለማስተምር ተማሪዎቼ ከፊቴ ይልቅ ጀርባዬን ያውቁታል። በዚያ ላይ ጠንቃቃ ነኝ፤ አንዲት አጭር ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ አረቅቃለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ለአለቆች ይመቻል። ብዙ ይሠራል፣ ምንም አይናገርም።

የተከራየሁት እትዬ ጥሩወርቅ ግቢ ውስጥ ነበር። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተውባቸው፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ጠላ እየሸጡ አሳድገው የዳሩ ሴት ናቸው። በራቸው ላይ በረጅም እንጨት ጫፍ ጣሳ ከተሰቀለ ጠላው ደርሷል፤ ጣሳው ከወረደ አልቋል። በገበያ ቀን እኩለ ቀን ሳይሞላ ይወርድ ነበር።

ወገዳ ውስጥ ያኔ ጠላ የሚሸጡ ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ የያንዳንዷም ጠላ እንደ ጠባይዋ ነበር። የታች ሰፈሯ የማንጠግቦሽ ጠላ ጌሾ የበዛበት፣ ምላስ የሚሰበስብ ነው፤ እሷም እንደዚያው ነበረች። የእትዬ ጥሩወርቅ ጠቆር ይላል፤ ገብሱን አጥብቀው ስለሚቆሉት ነው። ከዋጡት በኋላ ጋኑ የታጠነበት የወይራ ጭስ ቀስ ብሎ ይመጣል። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ፈንታ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀምሰው ጠማቂዋን በስሟ ይጠሩ ነበር።

«ይቺማ ማንጠግቦሽ ናት። ከባሏ ተጣልታ ነው የጠመቀችው» ይላሉ።

ማንጠግቦሽ ታዲያ «አሁን ከርስዎ ጋር ልጣላ ነው፤ ዋንጫውን ይመልሱ!» ብላ ሰውን ታስቅባቸዋለች።

በዚያ ክረምት ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። በዓሉን እንዲያዘጋጅ የተላከው ጓድ ጸጋዬ የሚባል ከመሀል አገር የመጣ ካድሬ ነበር። ለእንግዶቹ ቢራ በሳጥን አዝዟል፤ መኪናው ግን በነሐሴ ጭቃ ከመካነ ኢየሱስ አላልፍ አለ። በበቅሎ የደረሱት ጥቂት ጠርሙሶች ብቻ ናቸው። ጓድ ጸጋዬ ከነሱ አንዱን ይዞ ስብሰባ ጠራና ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቆመው።

«ይህን ቢራ አሥመራ ብትከፍቱት፣ ሐረር ብትከፍቱት፣ እዚህ ብትከፍቱት ጣዕሙ አንድ ነው» አለ። «ማን ጠመቀው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሠርቶ አደሩ ጠመቀው፣ በቃ። የናንተ ጠላስ? አንዱ ቤት መራራ፣ አንዱ ቤት ውኃ። ለምን? ሁሉም ለየራሱ ስለሚሠራ ነው።»

ስለዚህ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ መመሪያ፣ በአንድ ልክ ይጠነስሳሉ። ከዚያ ከየቤታቸው አምጥተው በሁለት ትልልቅ በርሜሎች ይቀላቅሉታል። አንድ ወጥ የሕዝብ ጠላ ይወጣል። የበርሜሎቹ ኃላፊ ጓድ ጥሩወርቅ ትሆናለች፤ መመሪያውን ደግሞ ኬሚስትሪ የተማረችው አስተማሪ ትጽፋለች።

መሪጌታ ከኋላ ድምፃቸውን አሰሙ። «ጓድ፣ ጠላው አንድ ከሆነ እንግዲህ ከአንዷ ቤት ስናኮርፍ ወዴት እንሄዳለን?»

ሰው ሳቀ። ጓድ ጸጋዬ አልሳቀም። እኔን ግን ወደ ውጭ ስንወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ነገረኝ። «እናቴ ጠላ ሻጭ ነበረች። ጠጪው ሁሉ ሲሰድባት ነው ያደግኩት። ማን እንደጠመቀው ባይታወቅ ኖሮ ማን ይሰድባት ነበር?» ይህን የሚናገርበት ፊቱ የካድሬ አልነበረም። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ነው የማነሣው። የፋብሪካ ቢራን ለምን እንደዚያ እንደወደደው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ስም የለውም፤ ስም የሌለውን ደግሞ ማንም አያዋርደውም።

ፍልሰታ ጾም ነበር። ሚዛንና ደብተር ይዤ በጭቃው ከቤት ቤት ዞርኩ። ሁሉም ቤት ቅቅል ድንች በአዋዜ አቀረቡልኝ፤ ልኩን ግን አንዷም አልነገረችኝ። እትዬ ጥሩወርቅን ስጠይቃቸው ጌሾ እየወቀጡ ነበር።

«ጌሾው ስንት ነው እትዬ?»

«እስኪበቃው።»

«ምን ያህል ሲሆን ነው የሚበቃው?»

«ይነግርሻላ።»

«ማን?»

«ጥንስሱ ነዋ! ማን ይሆናል፣ ጓድ ጸጋዬ?» አሉና ጋኑ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው አዳመጡ። «ነይ፣ ስሚው።»

ጆሮዬን ለጠፍኩ። ከውስጥ፣ ሩቅ ያለ ዝናብ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። እየፈላ ነበር። እኔ ያን ድምፅ በኪሎ መጻፍ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ትንሽ በግምት፣ ትንሽ ከመጽሐፍ አድርጌ ጻፍኩ። መጀመሪያው ላይ ደግሞ ማንም ያልጠየቀኝን አንድ መስመር ከራሴ ጨመርኩ። «ማንኛውም የመጥመቂያ ዕቃ በፈላ ውኃና በሳሙና በደንብ ይታጠብ።» ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደዚያ ነበር የተማርነው። ጥንቃቄ መስሎኝ ነው።

ወረቀቱ ተባዝቶ ማኅተም ተመታበት። ለእትዬ ጥሩወርቅ ሳነብላቸው መስመሩ ላይ አስቆሙኝ።

«ሳሙና?»

«ንጽሕና ነው እትዬ።»

«ልጄ፣ እኛ ጋን የምናጥበው በግራዋ ቅጠል ነው፤ ከዚያ በወይራ እናጥነዋለን። ሸክላ ይጠጣል። የሰጠሽውን ሁሉ ይጠጣል። ሳሙና አጠጥተሽው ምን ሊያጠጣሽ ነው?»

ልክ መሆናቸውን እዚያው አወቅኩ። ሸክላ ቀዳዳዎች እንዳሉት፣ ጠላን የሚያፈላው እርሾም እዚያ እንደሚያድር የተማርኩት እኔ ነኝ። ወደ ጓድ ጸጋዬ ሄጄ «አንድ መስመር ተሳስቻለሁ፣ ይሰረዝልኝ» ማለት ብቻ ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ደርሻለሁ። ውስጥ ሰዎች ነበሩ፤ አፈርኩና ተመለስኩ። ዓይን አፋርነት የዋህ ጠባይ ነው ሲሉ እሰማለሁ። እኔ የማውቀው ሰው የሚያሳስር ጠባይ መሆኑን ነው።

ሴቶቹ በሳሙና አጠቡ፣ ጠነሰሱ፣ አምጥተው ገለበጡ። በርሜሎቹም ዘይት የመጣባቸው ስለነበሩ በሳሙና ነው የታጠቡት። እትዬ ጥሩወርቅ በየጠዋቱ ነጠላቸውን አጣፍተው እየሄዱ በርሜሉ ላይ ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን።

«ምን ይላል?» እላቸዋለሁ።

«ዝም።»

በሳምንቱ ጓድ ጸጋዬ ክዳኑን አስከፈተ። ከላይ ግራጫ ነገር ጋግሯል፤ ሽታው የቆመ የልብስ እጣቢ ነው። አንድ ዋንጫ አስቀድቶ ጎንጨት አለና ተፋው። የብዙ ቤት ገብስና ጌሾ፣ በነሐሴ፣ የእህል ጎተራ በሚራቆትበት ወር፣ ሁለት በርሜል እጣቢ ሆነ።

«ይህ አሻጥር ነው» አለ። ከዚያ ዘወር ብሎ የበርሜሎቹን ኃላፊ ተመለከተ። «ምን ጨመርሽበት?»

እትዬ ጥሩወርቅ ልጃቸው የሚሆን ሰው አንቺ ሲላቸው አልተቆጡም። «ያላችሁኝን» ብቻ አሉት። ቀበሌ ወስደው ዘጉባቸው።

ከሰዓት በኋላ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የተጻፈ ወረቀት ነበር። መመሪያው ትክክል እንደነበረ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን ሆን ብላ እንዳልተከተለችው ይላል።

«አንቺ ሳይንስ ታውቂያለሽ፤ ፊርማሽ ይበቃል» አለኝ። «ውጭ አገር ለትምህርት ከሚላኩት ዝርዝር ውስጥ ስምሽ መኖሩን ሰምተሻል? በደንብ አስቢ። ነገ ጠዋት ሕዝቡ ፊት ታረጋግጪያለሽ።»

ሰምቻለሁ። ስለዚያ ዝርዝር ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም ነበር ብል ይቀላል። ወረቀቱን አልፈረምኩም፤ አልፈርምምም አላልኩም። «እሺ፣ አስባለሁ» ብዬ ወጣሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

ትኩስ ድንችና ጎመን በሰሐን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ጠባቂው አወቀኝና አስገባኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀምጠዋል።

«ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ?»

«ሳሙና ብላ የጻፈችው እሷ ናት ብለው።»

«ለማን ብዬ ነው የምናገረው? እኔን ጠላ ሻጭ ታሰረች ይሉኛል፤ ይረሳል። አንቺን ግን ተምራ አሻጠረች ነው የሚሉሽ። ድንቹ ጨው የለውም እንዴ?»

«ግቢዎ ሙሉ ግራዋ አለ እትዬ። እኔ እንኳ ብጽፍ ሰው ሳያይ በግራዋ ማጠብ ይችሉ ነበር።»

ጎመኑን ጎርሰው ቀስ ብለው አላመጡ። «እችል ነበር። ያንቺን ትቼ በራሴ ብሠራና ቢያምር፣ ከዚያ ወዲያ አንቺን ማን ይሰማሻል? ከክፍል እንኳ ድምፅሽ አይወጣም ይላሉ ልጆቹ። እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው።»

ወጥቼ ዝናቡ ውስጥ ቆምኩ። የማስታውሰው ማዘኔን አይደለም፤ መናደዴን ነው። ሁላችንም ሰው እንዳናሳፍር፣ እንዳናፍር፣ እያልን ለዚያ ወረቀት ፊርማ እያቀረብንለት ነበር።

በማግሥቱ አዳራሹ ጢም ብሏል። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ይደበድባል። ጓድ ጸጋዬ ክሱን አነበበና «አስተማሪዋ ታረጋግጣለች» አለ። ተነሣሁ። ዞሬ የማየው ሰሌዳ አልነበረም። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም።

«ድምፅ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ስህተቱ ያለው መመሪያው ላይ ነው» አልኩ።

«አልተሰማም!»

«መመሪያው ነው ስህተቱ!» ጣራውን ዘልቆ እንዲሰማ ጮኼ ነበር፤ ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሳሙና ይታጠብ ያልኩት እኔ ነኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ልክ እንዳልሆነ ነግረውኛል። እኔ ሰምቼ ዝም አልኩ። እሳቸው ያደረጉት የታዘዙትን ብቻ ነው።»

«ተቀመጪ» አለ ጓድ ጸጋዬ።

«አልቀመጥም።»

ያን ጊዜ ማንጠግቦሽ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች። ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር በደንበኛ ሽሚያ ተኮራርፈው ዓመት አልፏቸዋል። «እኔም በሳሙና ነው ያጠብኩት!» አለች። «ከፈለግህ ጋኔን ተሸክሜ ላምጣልህና አሽትተው። ልብስ ያጠቡበት ነው የሚመስል!»

ሰው ሳቀ፤ ሌሎቹም ሴቶች «እኔም፣ እኔም» አሉ። ጓድ ጸጋዬ ሞኝ አልነበረም። ነገሩ ከእጁ እየወጣ መሆኑን ሲያይ ፊቱን ለስለስ አደረገ።

«መልካም፤ ስህተት ነበር» አለ። «ስህተት ይታረማል። ሴትዮዋ ትፈታለች። አንቺም ሳሙናውን ሰርዘሽ መመሪያውን እንደገና ጻፊ። በዓሉ ደርሷል፤ ዛሬውኑ ይጠንሰስ።»

እዚህ ላይ መቀመጥ እችል ነበር። የመጣሁበት ጉዳይ አልቋል። ዝርዝሩ ላይ ያለው ስሜም ምናልባት እንዳለ ይቀር ነበር። ግን አንዴ የወጣ ድምፅ ተመልሶ አልገባም አለኝ።

«አልጽፍም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«መመሪያ አልጽፍም። ሳሙናውን ብሰርዘውም ቀሪው ያው ነው። ከአንዲት ሴት ቤት ጠላ ሲበላሽ እሷ ታውቀዋለች፤ ትደፋዋለች፣ ጣሳዋን አትሰቅልም። በኛ ፊት አፍራ ታድራለች፤ ነገሩ እዚያ ያልቃል። እርስዎ የሁሉንም ቀላቅለው ማንም እንዳልጠመቀው አደረጉት። ጥሩ ቢሆን የማንም አይሆንም ነበር። ሲበላሽ ግን የአንድ ሰው ስም ፈለጉ።»

መሪጌታ ፈንታ ብቻ፣ ቀስ ብለው፣ «ይበል» አሉ።

ጓድ ጸጋዬ ያንን ወረቀት ወደፊት ገፋው። «እንግዲያው ያልሽውን በጽሑፍ አድርጊው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጻፊ፣ ፈርሚ።» የሚፈራ ሰው እንደማይፈርም ያውቃል። የእትዬ ጥሩወርቅን ስም በአንድ መስመር ሰረዝኩ፤ ከላዩ የራሴን ሙሉ ስም ከነአያቴ ጻፍኩና ፈረምኩ። ያለወትሮዬ አንዴም አላረቀቅኩም።

እትዬ ጥሩወርቅ አመሰገኑኝ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ቤት እንደገቡ ቁጣው ወረደብኝ። «አብደሻል? ለሁለት በርሜል እጣቢ ብለሽ ውጭ አገርሽን ትጥያለሽ? እኔ እኮ ሁለት ሦስት ቀን ታስሬ እወጣ ነበር!»

«ባይወጡስ?»

እሳቸው ግራዋ ሊቀጥፉ ወደ ጓሮ ሄዱ።

መስከረም ሳይጠባ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ። ከዝርዝሩም ወጣሁ። በዓሉን አላየሁትም፤ መሪጌታ ኋላ ሲነግሩኝ ግን ሴቶቹ ከገጠር ዘመድ ጋን ተውሰው፣ የራሳቸውን ደግሞ ቀንና ሌት አጥነው፣ እያንዳንዷ የየራሷን ነው የጠመቀችው። ለመመሪያና ለመቀላቀል ጊዜ አልነበረማ። ከእንግዶቹ አንዱ አንዱን ዋንጫ አስቀምጦ «ይኸኛው የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ አሉ። ማንጠግቦሽ «የኔ ነው፤ ምን ሆነ?» ብላ ተነሣች።

አርብ ገበያ ስድስት ዓመት አስተማርኩ። ፊቴን ወደ ተማሪዎቼ አዙሬ። ዓይን አፋርነቱ እንኳ አልለቀቀኝም፤ ዛሬም ሰው የበዛበት ቤት ስገባ ጥግ ነው የምፈልገው።

የፋብሪካ ቢራ አልጠላም። ሲጠማኝ እጠጣለሁ፤ ትናንት የነበረውን ዛሬ ይሰጠኛል፣ አያታልለኝም። ግን አንድ ነገር ከቶ ልለው አልችልም፤ ዛሬ ምነው ቀጠንክ አልለውም። የሚመልስልኝ የለም።

ለወንድሜ ልጅ ይህን ሁሉ ስነግራት ብርጭቋን ረስታው ነበር። ስጨርስ ትንሽ አሰበችና «ግን አክስቴ፣ ለጠላ ብለሽ እኮ ነው ሕይወትሽ የተቀየረው» አለችኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ይለኛል። ወንድሜም ይለኝ ነበር። ቁጭት እንዲሰማኝ የሚፈልጉ ይመስል ደግመው ደጋግመው ይጠይቁኛል። አይሰማኝም። ውጭ አገር ሄጄ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም፤ ያን ወረቀት እንደተጻፈ ፈርሜ ብሄድ ኖሮ ምን እንደምሆን ግን በደንብ አውቃለሁ።

ያ ወረቀት የት እንደገባ ማን ያውቃል። ምናልባት አይጥ በልቶታል፣ ምናልባት አንድ መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ ጠጥቶ ተኝቷል። የፈለገበት ይሁን። ያወጣው ሰው የሚያነበው የኔን ስም ነው፤ የእሳቸው ተሰርዟል። የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ቢያመጡልኝ እሰርዘዋለሁ።